ጣት ሜትር አይደለም፤ የወገብ መርፌው የት እንደገባ ማን ያውቃል?

በኦፕሬሽን የወለደች እናት የሕክምና ካርድ ላይ አንዲት አጭር መስመር ትገኛለች፦ «ስፓይናል፣ ኤል 3-4»። ማደንዘዣው በ3ኛውና በ4ኛው የወገብ አከርካሪ አጥንት መካከል ተሰጥቷል ማለት ነው። ቁጥሯ እርግጠኛ ትመስላለች። እንደ ደም ግፊቱ፣ እንደ ልጁ ክብደት፣ በመሣሪያ ተለክታ የተጻፈች ትመስላለች።

አልተለካችም። በጣት ተዳብሳ የተገመተች ናት። ግምቷ ምን ያህል ጊዜ እንደሚስት ደግሞ የሙያው መጽሔቶች ከጻፉት 20 ዓመት አልፏል። ጣት መጠቀም በራሱ ወንጀል አይደለም። ጥፋቱ ግምትን እንደ ልኬት መዝግቦ፣ እንደ ልኬት አስተምሮ፣ እንደ ልኬት አምኖ መቀመጡ ላይ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። እናትየዋ የኦፕሬሽን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ጀርባዋን ታጎብጣለች። የማደንዘዣ ባለሙያው እጆቹን በግራና በቀኝ ጎኗ አሳርፎ የዳሌ አጥንቷን ከፍተኛ ጫፍ በጣቶቹ ይፈልጋል። ከአንዱ ጫፍ ወደ ሌላው በሐሳቡ መስመር ያሰምራል። ይህ መስመር አከርካሪውን የሚያቋርጠው 4ኛው የወገብ አጥንት ላይ፣ ወይም በ4ኛውና በ5ኛው መካከል ነው ተብሎ ይታመናል። ከዚያ ተነስቶ በአውራ ጣቱ ክፍተቶቹን ይቆጥራል፣ አንዱን ይመርጣል፣ መርፌውን ያስገባል።

መስመሩ የሚጠራው በፈረንሳዊው ቀዶ ሐኪም በቴዎዶር ቱፊዬ ስም ነው። ጀርመናዊው አውግስት ቢየር በኪል ከተማ የመጀመሪያውን የስፓይናል ማደንዘዣ የሰጠው እ.ኤ.አ. በ1898 ነበር። ቱፊዬም ብዙ ሳይቆይ በፓሪስ ዘዴውን አስፋፋ። ከዚያ ወዲህ ብዙ ነገር ተቀይሯል። ያኔ የሚወጋው መድኃኒት ኮኬይን ነበር፣ ዛሬ ቡፒቫኬይን ነው። ያኔ ወፍራም የነበረው መርፌ ዛሬ ቀጭን ሆኗል፣ ጫፉም እንደ እርሳስ ሾጧል። ቦታውን መፈለጊያው ግን እስከ ዛሬ ያው ጣት ነው።

ቁጥሩ ለምን ያስጨንቃል?

የወገብ አከርካሪ 5 አጥንቶች አሉት፣ የሚቆጠሩትም ከላይ ወደ ታች ነው። በውስጣቸው ከአንጎል የሚወርደው ህብለ ሰረሰር ያልፋል፣ ግን እስከ መጨረሻው አይወርድም። በአብዛኛው ጎልማሳ ሰው 1ኛው የወገብ አጥንት አካባቢ ያበቃል። ከዚያ በታች ያለው ነጠላ ነጠላ የነርቭ ክር ነው። የሕክምና መጻሕፍት ይህን ክፍል በላቲን «የፈረስ ጭራ» ይሉታል፣ በእርግጥም ፈሳሽ ውስጥ የተነከረ ጭራ ይመስላል። መርፌ ሲመጣበት ክሩ ዞር ማለት ይችላል። ህብለ ሰረሰሩ ግን ዞር የሚልበት ቦታ የለውም፤ መርፌ ከነካው ይወጋል። የስፓይናል ማደንዘዣ ከወገብ ዝቅ ብሎ የሚሰጥበት ምክንያት ይኸው ነው።

እዚህ ላይ ሁለት ችግሮች ይገናኛሉ። የመጀመሪያው፣ የህብለ ሰረሰሩ ጫፍ ሰው ሁሉ ላይ አንድ ቦታ አለመሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ1998 የታተመ ጥናት 504 ጎልማሶችን በኤም አር አይ ተመልክቶ ነበር። አማካዩ ጫፍ 1ኛው የወገብ አጥንት የታችኛው ሲሶ ላይ ሲሆን፣ አንዳንዱ ሰው ላይ ግን እስከ 3ኛው አጥንት የላይኛው ሲሶ ድረስ ወርዶ ተገኝቷል። ይህን ከውጭ ሆኖ በጣት ማወቅ አይቻልም።

ሁለተኛው ችግር የጣቱ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 «አኔስቴዥያ» በተባለው የእንግሊዝ የሙያ መጽሔት የወጣ ጥናት 100 ታካሚዎችን ወስዶ ቀላል ፈተና አዘጋጀ። የማደንዘዣ ሐኪሞች ወገብ ላይ ምልክት አድርገው «ይህ ስንተኛው ክፍተት ነው?» ተብለው ተጠየቁ። ከዚያ ታካሚው ኤም አር አይ ተነሳና መልሳቸው ታረመ። በትክክል የተመለሰው 29 በመቶው ብቻ ነበር። በ51 በመቶው ምልክቱ ያረፈው ሐኪሞቹ ካሰቡት አንድ ክፍተት ከፍ ብሎ ነው። አራት ክፍተት ከፍ ያለም ነበረ። ታካሚው ቢቀመጥም በጎኑ ቢተኛም ለውጥ አላመጣም፤ ውፍረት ሲኖር ደግሞ ግምቱ ይበልጥ ተበላሸ።

የስህተቱን አቅጣጫ ልብ ይሏል። በዘፈቀደ ወደ ላይም ወደ ታችም የሚበተን ቢሆን አንድ ነገር ነበር። የጣት ስህተት ግን አብዛኛውን ጊዜ ወደ ላይ ያዘነብላል፣ ማለትም ወደ ህብለ ሰረሰሩ። ስለዚህ 2ኛውንና 3ኛውን አጥንት ያገኘ የመሰለው ባለሙያ በእርግጥ ያለው 1ኛውና 2ኛው መካከል ሊሆን ይችላል። እናትየዋ ህብለ ሰረሰሩ ዝቅ ካለባቸው ሰዎች አንዷ ከሆነች፣ መርፌው የሚሄደው ክር ወዳለበት አይደለም።

ምክንያቱም ግልጽ ነው። ጣት የሚነካው አጥንትን ሳይሆን ቆዳን ነው፤ በቆዳውና በአጥንቱ መካከል ስብ አለ። ስቡ በወፈረ ቁጥር የዳሌው ጫፍ ከእውነተኛ ቦታው ከፍ ብሎ ይዳበሳል። ነፍሰ ጡር ስትሆን ደግሞ ሰውነቷ ያብጣል፣ ወገቧ ወደ ፊት ይጎብጣል፣ ጀርባዋን በደንብ ማጠፍ ያቅታታል። ስለዚህ መስመሩ ይበልጥ ወደ ላይ ይሸሻል። አንዳንዱ ሰው ጭራሽ 5 የወገብ አጥንት የለውም፤ 5ኛው ከታችኛው አጥንት ጋር ተጣብቆ ይወለዳል፣ ወይም 6ኛ የሚመስል ተጨማሪ ይኖረዋል። ዘዴው በብዛት የሚሠራበት አካል፣ ማለትም የነፍሰ ጡር ወገብ፣ ዘዴው በጣም የሚያስቸግርበት አካል ነው።

«ሺህ ጊዜ ሠርቻለሁ፣ ምንም አልሆነም»

ይህን ሲሰሙ ብዙ ባለሙያዎች የሚመልሱት መልስ አንድ ነው፦ ልምድ። ዓመታት ሠርተናል፣ እጃችን ያውቃል ይላሉ። ክርክሩ የሚወድቀውም እዚሁ ላይ ነው።

ልምድ ሰውን የሚያስተምረው ስህተቱን ሲያሳየው ነው። እንጀራ የምትጋግር ሴት ዓይኑ ካልወጣ ምጣዱ ላይ ወዲያው ታየዋለች፤ ሊጡን ወይም እሳቱን ታስተካክላለች፤ ነገ የተሻለ ትጋግራለች። የወገብ መርፌ እንዲህ አይደለም። ባለሙያው 3ኛው ክፍተት ነው ብሎ 2ኛው ላይ ቢወጋ፣ ፈሳሹ ያው ይፈሳል፣ እግሯ ያው ይደነዝዛል፣ ኦፕሬሽኑ ያው በሰላም ያልቃል፣ ካርዱ ላይም «ኤል 3-4» ተብሎ ይጻፋል። መሳሳቱን የሚነግረው ነገር የለም። ሺህ ጊዜ ቢሠራ ሺህ ጊዜ ትክክል እንደነበረ ያምናል። ከሺው ውስጥ ስንቱ አንድ ክፍተት ከፍ ብሎ እንደነበረ ግን አያውቅም፣ ሊያውቅም አይችልም። ጉዳት አለመድረሱ ቦታው ትክክል እንደነበረ አያረጋግጥም። የሚያረጋግጠው ተፈጥሮ ሰፋ ያለ ዕድል መስጠቷን ነው።

ዕድሉ ሲያልቅ ምን እንደሚሆን ደግሞ ተጽፎ አለ። እንግሊዛዊቷ የማደንዘዣ ሐኪም ፌሊሲቲ ሬይኖልድስ እ.ኤ.አ. በ2001 በዚያው መጽሔት ላይ የ7 ሴቶችን ታሪክ አቀረበች። ስድስቱ ወላዶች ነበሩ። ሰባቱም መርፌው ሲገባ ሕመም ተሰምቷቸዋል። ሐኪሞቹ በአብዛኛው የወጉት በ2ኛውና በ3ኛው አጥንት መካከል ነው ብለው አምነው ነበር። በሁሉም ፈሳሹ በደንብ ወርዷል፣ ከአንዷ በስተቀር ማደንዘዣው በሚገባ ሠርቷል። በሌላ አነጋገር፣ ኦፕሬሽን ክፍሉ ውስጥ ለነበረ ሰው ሥራው የተሳካ ይመስል ነበር። በኋላ ግን ሁሉም ላይ በአንድ ወገን እግር የማይለቅ መደንዘዝ ቀረ። ስድስቱ የእግራቸውን መዳፍ ማንሳት አቃታቸው። ሦስቱ ሽንት አስቸገራቸው። በኤም አር አይ ሲታይ በስድስቱ ላይ ጉዳቱ የህብለ ሰረሰሩ ጫፍ ላይ፣ መርፌው ባሳመመበት ወገን ነበር። የሬይኖልድስ መደምደሚያ አጭር ነው፦ ከ3ኛው የወገብ አጥንት በላይ አትውጉ።

ይህ ማለት ስፓይናል ይቅር ማለት አይደለም

እዚህ ላይ አንባቢ እንዳይሳሳት። ስፓይናል ማደንዘዣ ለኦፕሬሽን ወሊድ ካሉት አማራጮች ሁሉ ብዙ ጊዜ የተሻለው ነው። እናት ሙሉ በሙሉ ስትደነዝዝ የአየር ቧንቧ የማስገባት ችግር፣ የጨጓራ ፈሳሽ ወደ ሳንባ የመግባት አደጋ ይመጣል። በዩናይትድ ኪንግደም የማደንዘዣ ሐኪሞች ኮሌጅ ባካሄደውና እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣው አገር አቀፍ ቆጠራ፣ በወገብ በኩል ከሚሰጡ ማደንዘዣዎች ቋሚ ጉዳት የደረሰበት ሰው ከ100,000 ውስጥ በትንሹ ሲገመት 2፣ በብዙ ሲገመት 4.2 ነው። ያውም የደም መቋጠር፣ ኢንፌክሽንና ሌላው መንስኤ ሁሉ ተደምሮ። ኦፕሬሽን የታዘዘላት እናት ይህን አንብባ መርፌውን እምቢ ብትል፣ ከትንሹ አደጋ ሸሽታ ትልቁ ላይ መውደቅ ይሆናል።

ታዲያ ጉዳቱ እንዲህ ጥቂት ከሆነ ለምን ይጮሃል? ምክንያቱም ይህኛው ዓይነት ጉዳት ያለ ምንም ወጪ ሊቀር የሚችል ነው። በነጻ የሚቀር ጉዳት ለአንዲት እናት እንኳን ቢደርስ «ጥቂት ነው» ብሎ ማለፍ አይቻልም።

ጉዳዩ ኢትዮጵያን የሚመለከተው የት ላይ ነው?

እ.ኤ.አ. በ2016 በተካሄደው የሕዝብና ጤና ዳሰሳ፣ በኦፕሬሽን የወለዱ እናቶች በአገር ደረጃ ከመቶ 2 ገደማ ሲሆኑ አዲስ አበባ ላይ ከመቶ 21 ነበሩ። ከእነዚህ አብዛኞቹ የሚወልዱት በስፓይናል ነው። መርፌውን የሚሰጡት ደግሞ በብዛት ስፔሻሊስት ሐኪሞች ሳይሆኑ በማደንዘዣ ሙያ በዲግሪ የተመረቁ ባለሙያዎች ናቸው። ሌሊት ብቻቸውን ተረኛ ሆነው፣ አንዱን ሳይጨርሱ ሌላው እየተጠራ፣ የገጠር ሆስፒታሎችን ኦፕሬሽን ክፍል በጀርባቸው ተሸክመው የቆሙት እነሱ ናቸው። ጣት ብቻ ሰጥቶ ያሰማራቸው ሥርዓት ነው መጠየቅ ያለበት።

በሌላ በኩል አገር ምድሩ የሚያወራው ወሬ አለ። «ወገቤን መርፌ ከተወጋሁ ጀምሮ ጤና የለኝም» የማትል እናት ጥቂት ናት። ጎረቤት ለጎረቤት፣ እናት ለልጇ «በወገብሽ እንዳትወጊ» ትላለች። ባለሙያው ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ ወይም ይቆጣል። በአብዛኛው ልክ ነው። በእንግሊዝ እናቶችን በዕጣ ለይተው የተከታተሉ ጥናቶች፣ በምጥ ጊዜ በወገብ በኩል ኤፒዱራል የወሰዱት ካልወሰዱት ይልቅ ለረጅም ጊዜ የወገብ ሕመም እንዳልተጋለጡ አሳይተዋል። እርግዝና ራሱ ወገብ ያሳምማል፤ ልጅ ማዘልና ጎንበስ ብሎ መሥራት ይጨምርበታል።

ነገር ግን ሁሉንም በአንድ ሳቅ ማለፍ መዘዝ አለው። ከመቶ እናቶች «ወገቤን» ከሚሉት መካከል አንዷ «ግራ እግሬ ደንዝዞ ቀረ፣ ጫማዬ ከእግሬ ይወልቃል፣ ሽንቴን መቆጣጠር አቃተኝ» ብትል፣ የሷ ቃል ከሌሎቹ ጋር ተደባልቆ «የመርፌ ፍርሃት ነው» ተብሎ ይቀበራል። ወሬው እውነተኛዋን ታካሚ ይሸፍናታል። የባለሙያው ንቀት ደግሞ ወሬውን ይመግበዋል፤ ያልተሰማች ሴት ጎረቤቷ ዘንድ ሄዳ ትናገራለችና።

«ማሽን የለም፣ ጊዜ የለም»

ቦታውን ከጣት በተሻለ የሚያሳይ መሣሪያ አለ፤ እሱም አልትራሳውንድ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002 የታተመ ሌላ የእንግሊዝ ጥናት ሁለቱን አወዳድሮ፣ በጣት የተለየው 30 በመቶ ትክክል ሲሆን በአልትራሳውንድ እስከ 71 በመቶ መድረሱን አሳይቷል። ፍጹም አይደለም፤ መልመድ ይፈልጋል። ግን ከሁለት እጥፍ በላይ ይሻላል። የእንግሊዝ የጤና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ ኤፒዱራል ሲሰጥ አልትራሳውንድ መጠቀምን እ.ኤ.አ. በ2008 ደግፏል።

«የእኛ አገር ሆስፒታል ይህን ከየት ያመጣል?» ይባላል። መልሱ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። ለወገብ የሚያስፈልገው ጎበጥ ያለው የአልትራሳውንድ መዳሰሻ፣ የእርጉዝ ሆድ የሚታይበት ያው መዳሰሻ ነው። ኦፕሬሽን በሚሠራ ሆስፒታል ውስጥ የእናቶች ክትትል ክፍሉ ጋ ቆሟል። የእናትየዋን ልጅ ለማየት ሆዷ ላይ ያረፈው መሣሪያ፣ ወገቧን ለማየት ከአንድ ኮሪደር ማለፍ አልቻለም። የሚጎድለው ሥልጠናና በሁለት ክፍሎች መካከል ያለ ስምምነት ነው።

ሁለተኛው መልስ የጊዜ ነው፣ እሱም በከፊል እውነት አለው። የልጅ ልብ ምት እየወረደ ማሽን ፍለጋ የሚሮጥ ሰው የለም፣ መኖርም የለበትም። ግን በቀጠሮ የሚሠራ ኦፕሬሽን አለ። አጥንቷ የማይዳበስ፣ ጀርባዋ የጎበጠ፣ ሦስቴ አራቴ የተወጋች እናት አለች። ማሽኑ ለነሱ ይምጣ። ለቀሩት ደግሞ ማሽን የማይጠይቅ፣ ደቂቃም የማይወስድ ሥራ አለ።

ምን ይደረግ?

1. ወደ ታች ውረዱ። ጣት ወደ ላይ የሚስት ከሆነ መፍትሔው ሁልጊዜ ዝቅ ማለት ነው። ከ3ኛው አጥንት በላይ ያለው ክፍተት ለስፓይናል ይዘጋ። በሁለት ክፍተት መካከል የተጠራጠረ ባለሙያ የታችኛውን ይምረጥ። ይህን ለማድረግ ገንዘብ አያስፈልግም፣ ትምህርት ቤት ውስጥ አጥብቆ ማስተማርና ክፍሉ ግድግዳ ላይ መለጠፍ ይበቃል።

2. ካርዱ እውነት ይናገር። «ኤል 3-4» ብቻ ሳይሆን «በመዳበስ፣ በግምት ኤል 3-4» ተብሎ ይጻፍ። በአልትራሳውንድ ከሆነም እንደዚያው ይጻፍ። አንድ ቃል ናት። ግን ተማሪው ገና ሲጀምር የሚጽፈው ግምት መሆኑን እየጻፈ ቢያድግ፣ እጁን ከሚገባው በላይ አያምንም።

3. «ቻይው» የሚለው ቃል ይቅር። መርፌ እየገባ እናት ስትጮህ «አይዞሽ፣ ትንሽ ናት፣ ቻይው» ማለት የደግነት ልማድ ነው። እዚህ ቦታ ላይ ግን አደገኛ ነው። ሬይኖልድስ የጻፈችላቸው ሰባቱም ሴቶች ሕመም ተሰምቷቸው ነበር። እግር ላይ እንደ ኤሌክትሪክ የሚነዝር ወይም የሚሰነጥቅ ሕመም ከመጣ እጅ ይቁም፣ መድኃኒት አይገፋ፣ መርፌው ይውጣ። እናትየዋም አስቀድማ ይነገራት፦ «አትንቀሳቀሺ፣ ግን እግርሽን ካመመሽ ወዲያው ንገሪኝ፤ የትኛው እግር እንደሆነም ንገሪኝ»። ጣት ያላየውን ማስጠንቀቂያ የምትሰጠው እሷ ናት።

4. በማግስቱ ጠይቋት። ከመውጣቷ በፊት አንድ ሰው አልጋዋ አጠገብ ቆሞ «ሁለቱንም እግርሽን አንሺ፣ የእግርሽን ጣቶች ወደ ላይ ሳቢ፣ ሽንትሽ እንዴት ነው?» ይበላት። ግማሽ ደቂቃ ነው። የቀረ መደንዘዝ ካለ ይመዝገብ፣ ወደሚመለከተው ሐኪም ቶሎ ትላክ፣ ሆስፒታሉም ይቁጠረው። ሳይቆጠር «የለም» ማለት አይቻልም።

5. ፊርማው ትርጉም ይኑረው። እናት የምትፈርምበት ወረቀት አለ፤ ብዙ ጊዜ በምጥ መሃል፣ ሳይነበብላት ትፈርማለች። ስፓይናሉ ለምን እንደተመረጠ፣ ጥቅሙ ምን እንደሆነ፣ እምብዛም የማይደርሰው ጉዳት ምን እንደሚመስል በሚገባት ቋንቋ ይነገራት። እውነቱ ያስፈራታል የሚሉ አሉ። የሚያስፈራት ግን ያልተነገራት ነው፤ ባዶውን ቦታ ጎረቤት ይሞላዋልና።

እነዚህ አምስቱ ከውጭ ምንዛሬ ጋር ጉዳይ የላቸውም። አዲስ ሕንፃም አዲስ በጀትም አይጠብቁም። የሚጠብቁት የማደንዘዣ ትምህርት ክፍሎች፣ የሙያ ማኅበሩና ሆስፒታሎች አንድ ዓረፍተ ነገር እንዲቀበሉ ነው፦ ጣታችን ይሳሳታል፣ የሚሳሳተውም ወደ ላይ ነው።

ይህን መቀበል ሙያውን አያዋርደውም። አውሮፕላን አብራሪ መሣሪያ የሚያነበው ዓይኑ ስለማያይ ሳይሆን ዓይን እንደሚያታልል ስለሚያውቅ ነው። ጀርባዋን አጉብጣ የተቀመጠች እናት መርፌውን አታየውም። ባለሙያውም ጫፉ የት እንዳረፈ አያየውም። ሁለቱም ሳያዩ የሚደረግ ነገር ላይ አንድ ክፍተት ዝቅ ማለት ለእናትየዋ የሚገባት ትንሹ ጥንቃቄ ነው።